አራሷ ድመትና የምርምር ረዳቱ ቦታ

አንድ ክፍት የሥራ ቦታ፣ አንድ ሥራ ፈላጊና አንዲት አራስ ድመት በአንድ ጠዋት አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተገናኙ።

ምንተስኖት የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሲቪል ምህንድስና ላቦራቶሪ የምርምር ረዳት ሆኖ መቀጠር። ለፈተናው የወንድሙን የሠርግ ኮት ተውሶ መጣ። ኮቱ የተጣፈውን የሸሚዙን ክርን ይሸፍንለታል።

ፈታኟ ዶክተር ፍሬሕይወት፣ «ኮንክሪት ሰብረህ ጥንካሬውን ሳታሳየኝ አልቀጥርህም። እስከ ምሳ ሰዓት ካላለቀ ደግሞ ቦታው ይሰረዛል» አሉት። ምንተስኖት የኮንክሪት መስበሪያ ማሽኑን ሊያስነሣ ሲል መብራት ጠፋ።

ማሽኑ ያለ መብራት አልሰብርም አለ፤ ዶክተሯም ሳትሰብር አልቀጥርም አሉ። ምንተስኖት የጄኔሬተሩ ሠራተኛ ጋሽ ወርዶፋ ወዳሉበት ወደ ጄኔሬተሩ ቤት ሮጠ።

«ጋሽ ወርዶፋ፣ ጄኔሬተሩን ያስነሡልኝ!»

«ክዳኑ ሥር ድመት ወልዳለች። አራስ ላይ ሞተር አላስነሣም፣ ልጄ።»

ጋሽ ወርዶፋ አላስነሣም አሉ፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሣሁ መብራት አልሰጥም አለ፤ ማሽኑ አልሰብርም አለ፤ ዶክተሯም አልቀጥርም አሉ።

ምንተስኖት ወደ ድመቷ ጎንበስ ብሎ፣ «እመቤቴ፣ እባክዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ» አላት። ጥፍሯን አወጣችበት።

«ሌላ መኝታ ሳታገኝ ወዴት ትሂድ?» አሉ ጋሽ ወርዶፋ። «እስቲ እቃ ቤት ካርቶን ጠይቅ።»

የእቃ ቤት ኃላፊዋ እትዬ አስካለ፣ «ባዶም ቢሆን ንብረት ነው። ያለ ዶክተሯ ፊርማ አልሰጥም» አሉት። ወደ ዶክተሯ ተመለሰ።

«ፈተና ላይ ሆኜ ለተፈታኝ ምንም አልፈርምም» አሉ። «መጀመሪያ ስበር።»

ዶክተሯ አልፈርምም አሉ፤ እትዬ አስካለ ካርቶን አልሰጥም አሉ፤ ድመቷ አልነሣም አለች፤ ጋሽ ወርዶፋ ሞተር አላስነሣም አሉ፤ ጄኔሬተሩ መብራት አልሰጥም አለ፤ ማሽኑ አልሰብርም አለ፤ ዶክተሯም ሳትሰብር አልቀጥርም አሉ።

ምንተስኖት ጄኔሬተሩ ፊት ቆመ። ሰዓቱን አየ። ክርኑን አየ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ፣ ገበሩን ወደ ውጭ አጥፎ ጥግ ላይ አነጠፈው።

«የራስህ ነው?»

«የወንድሜ።»

«ወዮልህ!» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

ድመቷ ወርዳ ኮቱን አሸተተች። ልጆቿን አንድ በአንድ በማጅራታቸው አንጠልጥላ አመጣችና ተኛችበት።

ድመቷ ከጄኔሬተሩ ተነሣች፤ ጋሽ ወርዶፋ ሞተር አስነሡ፤ ጄኔሬተሩ መብራት ሰጠ። ምንተስኖት የኮንክሪቱን ጎኖች ለካ፤ ተጠራጥሮ እንደገና ለካ። ማሽኑ ጨመቀ፤ ኮንክሪቱ ጓ ብሎ ተሰበረ።

ዶክተሯ ውጤቱን አዩ፤ ቀጥለው ክርኑን አዩ።

«ኮትህስ?»

«አራስ ተኝታበታለች።»

ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ተቀጥረሃል። ፈተናው አልቋል፤ አሁን የካርቶኑን ወረቀት አምጣ።»

ዶክተሯ ፈረሙ፤ እትዬ አስካለ ካርቶን ሰጡ፤ ምንተስኖት ካርቶኑን ለድመቷ አቀረበላት። ድመቷ አሸተተችው፤ ወደ ውስጥ አየችው፤ ተመልሳም ኮቱ ላይ ተኛች።