ጉዳይ የሌለው እንግዳ

ወገኖቼ፣ አንድ ዐቃቤ ሕግ ነበረ። ድሬዳዋ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ሆኖ ስላደገ ፈረንሳይኛ ከልጅነቱ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት በወንጀል ችሎት ቆሟል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሕግ ተማሪዎችን ያስተምራል። እጁ ንጹሕ ነው። አማላጅ አይወድም። ዘመድ ቤቱ ሲመጣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ «ስለ ክስ ከሆነ እንዳትነግረኝ» ይላል።

አንድ እሑድ ታናሽ ወንድሙ ግዛቸው ከድሬዳዋ መጣ። አፉን ሳይከፍት ያችኑ ቃል ሰማ። «እሺ ጋሼ» አለ። ውሃ ጠጣ፣ ትንሽ ተቀመጠና ሄደ። ዐቃቤ ሕጉም «እፎይ፣ ተገላገልኩ» አለ። ከምን ተገላገለ? ከወንድሙ ነዋ። ግዛቸው ዳግመኛ አልመጣም።

ዓመታት አለፉ። ዐቃቤ ሕጉ ጡረታ ወጣ። የሚደውል ጠፋ፣ በር የሚያንኳኳም ጠፋ። ዝምታው ሲከብደው፣ ፈረንሳይኛ ለሚናገሩ እስረኞች በነፃ የሕግ ምክር ልስጥ ብሎ ማረሚያ ቤት ሄደ።

እዚያ ከኮንጎ የመጣ አንድ እስረኛ ስለ እናቱ፣ ስለ መንደራቸው ወንዝ፣ ስለ ጎረቤቱ ፍየል ሳይቀር ሁለት ሰዓት አወራው።

«ኧረ ጉዳይህን ንገረኝ» አለው።

«ጉዳዬን ጠበቃዬ ያውቀዋል። ስምንት ወር ሙሉ ቋንቋዬን የሚሰማ ሰው አላገኘሁም። ዛሬ ማውራት ብቻ ነው ያማረኝ።»

ዐቃቤ ሕጉ ከግቢው እንደወጣ ድሬዳዋ ደወለ።

«ግዛቸው፣ ያን እሑድ ለምን ነበር የመጣኸው?»

«ምንም ጋሼ። ናፍቀኸኝ ነበር።»

ዐሥራ አንድ ዓመት አልፎታል፣ ወገኖቼ። ሰውዬው መንገድ ዳር ቆሞ አለቀሰ።

«አሁን ልምጣ?» አለው።

«ቤቷ ጠባብ ናት» አለ ግዛቸው። «ግን ና።»

አማላጅን መመለሱን አልነቅፍም፤ ፍርድ እንዳይጣመም ብሎ ነው። ግን እናንተስ? ሚስትህ ስትጠራህ «ደግሞ ምን ጎደለ?» የምትል፣ ልጅሽ ሲጠጋሽ «ምን አጥፍተህ ነው?» የምትይ፣ ማን ችሎት ላይ አስቀመጣችሁ? እግዚአብሔር የሁሉ ዳኛ ነው። እሱ እንኳ ማናችንን ነው ሳይሰማ የመለሰው?

ያ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ወንድሙን በሕይወት አገኘው። የእናንተ ሰው ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ላይቆያችሁ ይችላል። ዛሬውኑ ሂዱ።