ቀጭኑ ሰሌንና ወፍራሙ ሰሌን

ተረት ተረት!

«የጎተራ ሙላት!» በሉ እንጂ፤ ድምፃችሁ የት ሄደ? እንዲህ ነው።

በድሮ ዘመን፣ በታኅሣሥ ወር፣ የጎሽ ውሃ መንደር ሁለት ገበሬዎች አውድማ ላይ ተጣሉ። ጠዋት በፍቅር መጡ። ምሳ ሳይደርስ የልጆቻቸውን ሠርግ አፈረሱ።

አንደኛው አያ ዳምጤ ነው። ሁለተኛው አያ ሽበሺ። አንድ አንድ በሬ ነበራቸው። በአንድ በሬ አይታረስምና ተቀናጁ። ማሳውን አብረው አረሱ፤ ጤፉንም አብረው ወቁ። የዳምጤ ልጅ እንጉዳይ ለሽበሺ ልጅ ለአንዳርጌ ታጭታ ነበር። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ጤፉ ግን በዚያ ዓመት አነሰ። ድርሻቸው ለድግስ ካልበቃ ሠርጉ ለከርሞ ይተላለፋል። ሁለቱም አባቶች ይህን ፈርተዋል።

የዚያ አገር ሰው እህል የሚካፈለው በሰሌን ነበር። ሰሌኑን ጠቅልሎ ያቆመዋል። ጫፍና ጫፉን ይሰፋዋል። ከዚያም እስከ አፉ ይሞላዋል። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለአንተ ነው። «እኩል ሰሌን፣ እኩል እህል» ይባላል። የዳምጤ ሰሌን በወርዱም በቁመቱም ከሽበሺ ሰሌን ጋር እኩል ነበር።

አያ ሽበሺ ሰሌኑን ሽቅብ አቁሞ ሰፋው። ቀጭንና ረጅም ሆነ። አያ ዳምጤ ግን አጋደመውና ረጅሙን ጎን ዙሪያ አድርጎ ሰፋው። አጭርና ወፍራም ሆነ። ሽበሺ ሳቀ።

፦ አያ ዳምጤ፣ የእኔ ሰሌን ደመና ሊነካ ነው። ያንተ እንደ ጉልቻ ቁጢጥ አለ!

፦ ጉልቻም ድስት ይሸከማል።

ከዚያም በእንቅብ እያፈሱ ሞሉ። የሽበሺ ቶሎ ሞላ። የዳምጤ ቢጨምሩበት፣ ቢጨምሩበት አልሞላ አለ። የሽበሺ ሳቅ ጠፋ።

፦ ከሥሩ ጉድጓድ ቆፍረሃል!

ሰሌኑን አንስተው ሥሩን አዩ። ጉድጓድ የለም።

፦ እንግዲያው አስማት ነው። ከአስማተኛ ቤት ለልጄ ሚስት አላመጣም!

፦ እኔም ለተሳዳቢ ቤት ልጄን አልድርም!

አባ ጥዑም የሚባሉ ሽማግሌ ተጠሩ። ሰሌኖቹን በስንዝር ለኩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

፦ እኩል ሰሌን፣ እኩል እህል ነው። አንዱ ከበለጠ ሰይጣን ገብቶበታል። ጠበል ይረጭ።

ተረጨ። ጤፉ ረጠበ እንጂ አልቀነሰም።

እንጉዳይ ዳር ቆማ ታያለች። በዚያ አገር የታጨች ልጅ ከአማቷ ጋር አትነጋገርም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ከሁለቱ በሬዎች ወደ አንዱ፣ ወደ ቦራ ዞረችና አለች፦

፦ ቦራ፣ አስማቱ ያለው ሰሌኑ ላይ ነው ወይስ አጠቃለሉ ላይ? ጤፉ ይመለስና ቀጭኑን ያጋድሙት፤ ወፍራሙን ሽቅብ ያቁሙት። ያኔ ይታያል።

ሽበሺም ለበሬው መለሰ።

፦ ቦራ፣ ለዚያች ልጅ ንገራት። ሽማግሌ ያልፈታውን ኮረዳ አይፈታውም!

፦ ቦራ፣ አንተም ንገርልኝ። እነሱ እስኪስማሙ ጤፉን ምስጥ ይካፈለዋል! አለች እንጉዳይ።

ቦራ ገለባውን ያመነዥካል። አውድማው ዳር የተሰበሰበው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሽበሺም ሳቁ አመለጠውና፦ እሺ፣ ይሞከር! አለ።

እንዳለችው አደረጉ። አሁን የሽበሺ ሰሌን ወፈረ፤ ጤፉንም ዋጠው ዋጠው። የዳምጤ ወዲያው ሞልቶ ፈሰሰ።

፦ በቃ! ይሄ ትክክል ነው። እዚህ ላይ እንቁም! አለ ሽበሺ።

፦ አስማቱ ወዳንተ ሲመጣ ቅዱስ ሆነ? አለ ዳምጤ።

እንጉዳይ የቦራን ጆሮ ይዛ አለች፦

፦ ቦራ፣ አስማት የለም በላቸው። ሰሌን ሲጋደም ከቁመቱ ከሚያጣው በሆዱ የሚያተርፈው ይበልጣል። ሁለቱም አጋድመው ይስፉ።

ሰፉ። ሞሉ። እኩል ሆነ። ነገር ግን የአንዱ ድርሻ ለብቻው ለድግስ አይበቃም ነበር። ሽበሺ ሁለቱን ሰሌን አየና የቦራን አንገት አቀፈ።

፦ ቦራ፣ ለአባቷ ንገረው። ዳሱ አንድ ይሁን፤ ድግሱም አንድ።

፦ ቦራ፣ እሺ ብሏል በለው! አለ ዳምጤ።

በጥር ተጋቡ። ሰዉ በላ፣ ጠጣ፣ ጨፈረ። ለቦራም አንገቱ ላይ ጨሌ አሰሩለት።

ጊዜ አለፈና እንጉዳይ ሴት ልጅ ወለደች። በዚያ አገር ምራት ስትወልድ አማቷ ጊደር ይሰጣታል፤ ከዚያ ወዲያ ልታናግረው ትችላለች። አያ ሽበሺ ጊደሯን እየሳበ መጣ።

፦ ልጄ፣ እንግዲህ በሬውን ተይውና እኔን አናግሪኝ።

እንጉዳይ መጀመሪያ ጊደሯን አሰረቻት። ከዚያም አለች፦

፦ አያ፣ ጤፉን በተካፈላችሁ ዕለት ማለዳ አባቴን «ድግሱ እንዲበቃልን ሰሌኑን አጋድመህ ስፋው» ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ተረቴ እዚህ ቆመ። አፌ ግን ጦሙን ነው። ከዚያ ቆሎ አንድ እፍኝ ወዲህ በሉ። አፋሹም ትልቅ እጅ ያለው ይሁን።