ከስብሰባው በፊት የተጻፈው ቃለ ጉባኤ

«አንድ ሰው ነበረ፤ እንደ አንተው ጋዜጠኛ» አሉ መምህር ሐዲስ። ይበልጣል የተባለው ወጣት «የክልሉ ፕላን ቢሮ ና ብሎኛል፤ ጋዜጣውን ትቼ ብገባ ህሊናዬን መሸጤ ይሆን?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

መምህሩ ያነሡት ይህ ሰው መንገድ ስለሌለው መንደር፣ መድኃኒት ስለሌለው ጤና ኬላ ለዓመታት ሲጽፍ ኖረ። በመጨረሻ «ከውጭ ከምጮህ ገብቼ ልሥራ» ብሎ ፕላን ቢሮ ተቀጠረ። ብዕሩ የሰላ ስለነበር አለቃው ቃለ ጉባኤ የመጻፉን ሥራ ሰጠው። በዚያ ቢሮ ደግሞ ቃለ ጉባኤ የሚጻፈው ከስብሰባው በፊት ነው! ሕዝቡ የሚጠራው ለመፈረም ብቻ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቆይቶ «አሠራሩ ነው» አለ፤ ይባስ ብሎም አሳምሮ ይጽፈው ጀመር።

አንድ ጊዜ የአንድ መንደር ጤና ጣቢያ ከወንዝ ማዶ፣ እንግዳ በመኪና ሲያልፍ እንዲያየው አስፋልት ዳር ይሠራ ተባለ። እሱም «ነዋሪው ቦታውን በሙሉ ድምፅ ደግፏል» ብሎ ጽፎ ከአለቃው ጋር ወደ መንደሩ ወረደ። ሰዉ ዋርካ ሥር ተሰብስቧል። ወረቀቱን ለፊርማ ሊያዞር ሲል ግን የቀድሞ ልማዱ አላስቻለውም፤ ጋዜጠኛ ሳለ የሰው ቃል ለባለቤቱ ሳያነብ አያትምም ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«እኛ ነን እንዲህ ያልነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «መቼ? ገና ጉሮሯችንን እንኳ አልጠረግን!»

ሰዉ ሳቀ። አንዲት እርጉዝ ሴት ግን አልሳቀችም።

«ወንድሜ፣ በሐምሌ ምጥ ቢይዘኝ ያንን ሙላት ወረቀትህ ያሻግረኛል?»

አለቃው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «አስፈርም እንጂ! አሁን እኮ ጋዜጠኛ አይደለህም» አለው።

የሰውየው ፊት በእፍረት ተቃጠለ። የጻፈውን ሰረዘ፤ ከሥሩ ሴትዮዋ ያለችውን አንዲት ቃል ሳያጎድል ጻፈና ስሟን ጠይቆ አስፈረማት። በዚያ ወረቀት ቦታውን ማጽደቅ አልተቻለም፤ ጥናቱ እንደገና ተጀመረ። እሱን መዝገብ ቤት ወረወሩት።

መምህሩ ወደ ይበልጣል ዞሩ፤ ድምፃቸው ቁጣ ነበረበት።

«ቢሮውን ምን ያስፈራሃል? ያ ሰው ህሊናውን የሸጠው ጋዜጣውን ሲተው አይደለም፤ ላልተናገረ አፍ ቃል ሲያበጅ ነው። ይህንንማ አንተም ጋዜጣ ቤትህ ተቀምጠህ ትችለዋለህ! ዳኛህ ያቺ ሴት ናት። የጻፍኸውን ፊቷ ቆመህ የምታነብ ከሆነ፣ ግባ። ካልሆነ ግን እዚያም አትግባ፣ እዚህም አትቆይ።»