መንገዱን የለመደ ዳማ ፈረስ

እንስሳ በሚናገርበት በዚያ ዘመን የሆነውን ልንገራችሁ፤ እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ አፍ ልስጥ። ደምመላሽ የሚባል ገበሬ ዳማ ፈረሱን ሊሸጥ ገበያ ወሰደው። ፈረሱ ጌታውን ይወድ ነበርና አዘነ። ጨው ለመጫን አብራው የወጣችው ብልጥ አህያ፣ «ገዢው ሲሞክርህ አንክስ» ስትል መከረችው።

«እኔ ማስመሰል አላውቅም፤ የለመድኩትን እሄዳለሁ» አላት።

ገዢ መጣ፤ ጥርሱን ገልጦ አየና ወደደው። ደምመላሽም፣ «ከቤቴና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ደጅ አያውቅም» ብሎ ማለለት።

ገዢው ሊሞክረው ወጣበት። ፈረሱ ቤተ ክርስቲያኑን ሽው ብሎ አለፈና፣ እንጨት ላይ ጣሳ የተደፋበት ጠላ ቤት ደጅ ቀጥ አለ። በተረከዙ ቢጎሽመው ከሁለተኛው ጠላ ቤት ደጅ ቆመ። ባለ ጠላዋ ኮቴውን ሰምታ ከውስጥ፣ «አያ ደምመላሽ፣ ዛሬስ በጊዜ መጣህ» አለች።

ገዢው ተመልሶ፣ «ፈረስህስ አይዋሽም» ብሎ ልጓሙን አስረከበው።

ደምመላሽ አንገቱን ደፍቶ ፈረሱ ላይ ወጣና ወደ ቤቱ አመራ። ጣሳው ጋ ሲደርሱ ደስ ያለው ፈረስ እንደ ልማዱ ቆመ፤ አህያዋም ሳትታዘዝ ከጎኑ ቆመች። ደምመላሽ ግራ ቀኙን አየና ወረደ፤ ተረቴም አብሮት ወረደ።