መብራቷን አላስነቅልም ያለችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ መኪና መንዳት ለምደው በእግር መሄድ እያስጠላቸው በመጣበት ዘመን፣ እመት አህይት የምትባል አህያ አንዲት አሮጌ ፒክ አፕ ነበረቻት። አሮጌ ስል ማጋነኔ አይደለም። ቀለሟ ድሮ ምን እንደነበር የሚያስታውስ አልነበረም። በሯ ካልገፉት አይከፈትም፤ መስኮቷም አንዴ ከወረደ ተመልሶ ለመውጣት ልመና ይፈልጋል። ሞተሯ ግን ጨዋ ነበር። እመት አህይት በየቀኑ ከወንዙ ውሃ በጄሪካን እየጫነች፣ ዳገቱን እየወጣች፣ ተራራው ላይ ለሚኖሩት እንስሳት ታድላለች። በበጋ የላዩ ምንጭ ስለሚደርቅ ሽማግሌው ዝንጀሮም፣ አራሷ ሚዳቋም፣ ጌታ አንበሳ ራሱም የሚጠጡት እሷ ያመጣችውን ነው።

ያቺ መኪና ከመምጣቷ በፊት ውሃው በማን ጀርባ ይወጣ እንደነበር መናገር አያስፈልግም። እመት አህይት ጀርባ ላይ እስከ ዛሬ ፀጉር ያላበቀለ ጠባሳ አለ። እህቶቿም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ መኪናዋን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቃት።

አንድ ቀን ታዲያ ዳገቱን እንዳጋመሰች ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ቦግ አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ፈለግሽ?» አለች አህይት።

መብራቷ እንደበራች ቀረች። ከኮፈኑ ሥርም እንፋሎት ተትጎለጎለ። አህይት መኪናዋን ጥግ አስያዘች፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ሸጎጠችና ጠበቀች። ሞተሩ ሲበርድ መብራቷ ጠፋች። ጥቂት እንደሄደች እንደገና ቦግ! እንደገና ቆመች። ባዶ ጄሪካኗን ይዛ ቁልቁለቱን ስትመለስ ግን መብራቷ አንድም ጊዜ አልበራችም። አህይት ይህን ልብ አለች። ሰው ሁሉ አህያን ቂል ቢላትም ያየችውን አትረሳም።

በማግሥቱም ይኸው ሆነ፤ ከዚያም በኋላ። ጠዋት ይደርስ የነበረው ውሃ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይደርስ ጀመር። ተራራው ላይ ማጉረምረም በዛ። በመጨረሻም ጌታ አንበሳ አስጠራት።

«እመት አህይት፣ ግልገሎች በውሃ ጥም እያለቀሱ ነው» አላት። «እስከ ቅዳሜ መኪናሽን ካላስጠገንሽ ወደ ድሮው እንመለሳለን። አንቺም እህቶችሽም ኮርቻችሁን አዘጋጁ።»

ጠባሳው ያሳከካት መሰላት። «መኪናዋን አዘጋጃለሁ፣ ጌታዬ» አለች። «ኮርቻውን ግን አላዘጋጅም።»

ይህን ብላ ወጣች።

ከተራራው ግርጌ ጋራዥ የነበረው አያ ጅቦ ብቻ ነው። አህያ በገዛ እግሯ ጅብ ቤት ምን ወሰዳት የሚል አይጠፋም። ሌላ መካኒክ ቢኖር እሷስ መች ትሄድ ነበር! ደግሞ አያ ጅቦ ጠግቦ ከሆነ ክፉ አይደለም። ይህን ስለምታውቅ አጥንት በጆንያ ሞልታ ይዛለት ሄደች። አያ ጅቦ አጥንቱን ከነጆንያው ቆረጣጥሞ ሲያበቃ አፉን ጠራርጎ ወደ መኪናዋ መጣ። ኮፈኑን አልከፈተም። በቀጥታ ጋቢና ገብቶ ቀይዋ መብራት ላይ አፈጠጠ።

«በሽታው ታወቀ» አለ።

«ምንድን ነው?»

«መብራቷ ናታ! እሷ ባትበራ ትቆሚ ነበር?»

«አልቆምም ነበር።»

«እንግዲህ መንገድ ላይ ያስቀረችሽ እሷ ናት። አምፖሏን ነቅዬ ልጣልልሽና ወደ ሥራሽ ሂጂ። በዚህ ዘዴ ስንቱን መኪና አድኛለሁ መሰለሽ!»

ውሸት ምን ያደርጋል፣ አህይት ለአፍታ ልቧ ከጅሎ ነበር። መብራቷ ካልበራች አትቆምም፤ ካልቆመች ውሃው በጊዜው ይደርሳል፤ ቅዳሜም ያልፋል። ግን እንፋሎቱ ትዝ አላት።

«አይሆንም» አለች ጆሮዋን አቁማ። «እኔ ትኩሳት ቢይዘኝና ግንባሬ ቢያተኩስ፣ ግንባሬን ነው የምትቆርጥልኝ? መብራቷን አላስነቅልም። ኮፈኑን ክፈትልኝ።»

አያ ጅቦ እያጉረመረመ ከፈተ። «በይ ባትሪ ቀይሪ።»

«ባትሪው ዛሬም በአንድ ቁልፍ ነው ያስነሳኝ።»

«ካንዴላ ቀይሪ።»

«ሜዳ ላይ እኮ ሞተሯ ምንም አይቆራረጥም።»

«እንግዲያው ሁሉንም ቀይሪው!» አለ ትዕግሥቱ አልቆ።

አህይት ሞተሩን አስነሳችና ረጅም ጆሮዋን ወደ ውስጥ ዘንበል አደረገች። ያ አገር ምድሩ የሚስቅበት ጆሮ ሥራ አገኘ። በግራ ሰማች፣ በቀኝ ሰማች። ከፊት በኩል እህል እንደሚፈጭ ወፍጮ ያለ ድምፅ አገኘች፤ ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ ይብሳል። ከዚያ ራዲያተሩን በአፍንጫዋ ነካ አደረገችው። ሞተሩ እንዲያ እየነደደ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ነበር።

«ውሃው አለ፤ ግን አይዞርም» አለች። «የውሃውን ፓምፕ ፍታልኝ።»

ፓምፑ ተፈታ። የውስጡን ክንፍ ዝገት በልቶታል፤ ዘንጉም እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይነቃነቃል። አያ ጅቦ ራሱን አከከ።

«በይ ይህንን ለናሙና ይዘሽ እመት ቀበሮ ሱቅ ሂጂ» አላት። «ናሙና ካልያዝሽ የማይገጥም ዕቃ ታሸክምሻለች።»

ይህስ እውነት ነበር። በዚያ አገር አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ የተበላሸውን ዕቃ በአፉ አንጠልጥሎ ነው መለዋወጫ ተራውን የሚዞረው።

እመት ቀበሮ አህይትን ገና ከሩቅ ስታያት ጅራቷን እያወዛወዘች ወጣች። «ውይ እመት አህይት! ምነው ጠፋሽ? ይህን ነው የምትፈልጊው? አለኝ እንጂ፣ ለአንቺማ ይጥፋ? እስቲ ናሙናውን አምጪው፣ ከጓዳ ካለው ጋር ላስተያየው።»

ፓምፑን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። አህይት ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀች። ከውስጥ የሚፋቅ፣ የሚታጠብና እፍ እፍ የሚባል ነገር ይሰማ ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ ቀበሮ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ፓምፕ ይዛ ብቅ አለች።

«ኦርጂናል ነው! ትናንት ነው ከባሕር ማዶ የገባው። ለማንም አላሳየሁትም።»

«ናሙናዬስ?»

«እሱን ቆሻሻ ምን ያደርግልሻል፣ ጥዬልሻለሁ።»

አህይት ፓምፑን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ዘንጉን በሰኮናዋ አዞረችው። ያው ወፍጮ። ቀጥላ በምላሷ ላሰችው። ምላሷ እንደ ብር ሆነ፤ ከሥር ዝገቱ ብቅ አለ።

«እመት ቀበሮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይህ እኮ የራሴው ፓምፕ ነው።»

ሌላው ቢሆን ያፍራል። ቀበሮ ግን ሳቀች። «እና ምን ላድርግሽ? መኪናሽ አሮጌ ናት። ለእሷ የሚሆን ዕቃ መሥራት ካቆሙ ዘመን የለውም። እኔ ቢያንስ ቀለም ቀብቼልሻለሁ። አያ ጅቦ ሁሉንም እንደሚመክረው መብራቷን አስነቅለሽ ንጂ፤ እስክትሞት ትሠራለች።»

«እኔ የምፈልገው እንዳትሞት ነው» አለች አህይትና ፓምፗን ይዛ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ያልገባችበት ሱቅ፣ ያልረገጠችው የወዳደቀ ብረት ግቢ የለም። አንዱ ፓምፕ ዘንጉ ይረዝማል፣ ሌላው የብሎኑ ቀዳዳ አይገጥምም። ከርከሮ «ነገ ይገባል» ይላታል፤ ጃርት «በዚያ ልክ ማስቀረጽ ነው» ይላታል፤ ዝሆን ደግሞ የተከመረውን ብረት ሁሉ እያነሳ አብሯት ፈልጎ ምንም ሲያጣ ከልቡ አዘነላት። አህይት የናሙናው ዝገት አፏን አመረረው። አንዳንዴ ተቀምጬ ላልቅስ ይላታል፤ ግን ካለቀሰች በኋላም መነሳቷ እንደማይቀር ስለምታውቅ ሳትቀመጥ መንገዷን ትቀጥላለች።

ዓርብ ቀን ታናሽ እህቷ መንገድ ላይ ጠበቀቻት። ዓይኗ ቀልቷል። «እህት ዓለም፣ ኮርቻውን ከግድግዳው ላይ ላውርደው?»

«አታውርጂው። ቅዳሜ ገና ነው።»

«ነገ እኮ ነው!»

«ነገማ ገና ነው» አለች አህይት።

አፏ ይህን ይበል እንጂ ተስፋዋ ተሟጦ ነበር። ሱቁን ሁሉ ጨርሳለች። ከዕቃ ተራ ውጭ ግን አልፈለገችም። «የእኔን የመሰለች መኪና የት አይቻለሁ?» ብላ ራሷን ጠየቀች፤ ዳገቱን ቀና ብላ ስታይ መልሱ ከዋርካው ሥር ቆሞ አገኘችው። የጌታ አንበሳ መኪና! ቀለሟ የወርቅ ይሁን እንጂ የእሷው ዓይነት፣ የእሷው ዘመን ናት። ከቆመች ክረምቶች አልፈዋል፤ አንበሳ ግን በየሳምንቱ ያሳጥባታል፤ እንግዳ ሲመጣም አጠገቧ ቆሞ ይቀበላል።

ቅዳሜ ጠዋት እንስሳት በሙሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። አያ ጅቦም መጥቷል። አህዮች ተጭነው ገደሉን ሲወጡ አንዷ ብትንሸራተት ምሳ አይቀርም ብሎ ነው። እመት ቀበሮም ለኮርቻ የሚሆን ጠፍር ይዛ ገበያ ትጠብቃለች።

«እህ፣ መኪናሽ ዳነች?» አለ አንበሳ።

«በሽታዋ ታውቋል። መድኃኒቷ የእርስዎ መኪና ውስጥ ነው፣ ጌታዬ። የውሃውን ፓምፕ ይስጡኝ።»

የአንበሳ ጎፈር ቆመ። «ከእኔ መኪና ላይ ብሎን ይፈታል? ይህ መኪና ክብሬ ነው!»

የአህይት እግር ወደ ኋላ ልሽሽ አለ። አልፈቀደችለትም። «ቢናገሩኝም ቢቆጡኝም እሰማለሁ፣ ጌታዬ። ግን እርስዎ እንዲህ እየወደዱት ለምን ቆመ?»

አንበሳ ያልጠበቀው ጥያቄ ነበርና ድምፁ ወረደ። «ከዳኝ» አለ። «እየነዳሁት ሳለ ምንም ምልክት ሳያሳየኝ ግጥም ብሎ ቆመ። ሞተሩ ነክሷል፣ ከእንግዲህ አይዞርም አሉኝ።»

«ምንም ምልክት?»

«ምንም።»

«ልየው?»

አንበሳ በእሺታ ራሱን ነቀነቀላት። አህይት የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ስባ አወጣች፤ ደርቋል። ጋቢና ገብታ ዳሽቦርዱን ተመለከተች፤ የዘይት መብራቱ በነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ወርዳ የውሃውን ፓምፕ በሰኮናዋ አዞረችው፤ ድምፅ የለውም። ጤነኛ ነው።

«መኪናዎ አልከዳዎትም፣ ጌታዬ» አለች። «ዘይት ሲያልቅበት ሊነግርዎት ይችል ነበር። የሚናገርበትን አምፖል ነቅለውበታል።»

«ማን?» ብሎ አንበሳ ሲያገሳ ቅጠል ረገፈ።

ሌላው ቢሆን ይደበቃል። አያ ጅቦ ግን ለሽልማት የተጠራ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ወደፊት ወጣ። «እኔ ነኝ፣ ጌታዬ! ያቺ መብራት ሰላም ነሳችኝ ብለው ሲማረሩ የገላገልኩዎት እኔ ነኝ! ይኸው እስከ ዛሬ በርታ አታውቅም!»

እመት ቀበሮ ጠፍሯን ከኋላዋ ደብቃ «እኔ ድሮም ነግሬው ነበር» አለች፤ ወዲያውም በቁጥቋጦው በኩል ተንሸራትታ ሄደች። አንበሳ ወደ ወርቃማ መኪናው ዞረ። የሚወዳትን መኪና በገዛ እጁ እንደገደላት የገባው ገና አሁን ነበር።

«ዝም አሰኝልኝ ብዬ ያዘዝኩህ እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «የእኔ ቅጣት መኪናዬን እንዲህ ቆሞ ማየት ነው። አንተ ደግሞ ፓምፑን ፈትተህ ለእመት አህይት ትገጥምላታለህ። የጎደለውንም ውሃ በጀርባህ ታወጣለህ።»

አያ ጅቦ ጅራቱን በእግሮቹ መሐል ወትፎ ገጠመ። አህይትም እያንዳንዱን ብሎን ራሷ ፈትሻ፣ ራዲያተሩን ሞልታ፣ ጄሪካኗን ጭና ተነሳች። ዳገቱ ጀመረ። ዓይኗ ከዳሽቦርዱ አልተነሳም። ያ የፈራችው ቦታ ደረሰ፤ አለፈ። መብራቷ አልበራችም። እህቶቿ ከመንገዱ ዳር እልል ሲሉ አህይት መሪውን እንደያዘች አለቀሰች።

ጥቂት ከፍ እንዳለች አያ ጅቦን ደረሰችበት። ጄሪካኖች ተጭኖ፣ ምላሱ ወጥቶ፣ መንገድ ዳር ተንበርክኳል።

«አመመኝ!» አላት እያቃሰተ። «እለፊኝና ሂጂ፤ ጅብ ሲያቃስት መስማት ምን ይጠቅምሻል?»

አህይት ግን መኪናዋን ጥግ አስያዘች፣ ድንጋይ ሸጎጠችና ወረደች። «የቱ ጋ ነው የሚያምህ? ስትወጣ ነው ወይስ ስትወርድ?»

አያ ጅቦን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ማንም አልነበረም፤ እሱም ማንንም ጠይቆ አያውቅም። «ስወጣ... በግራ በኩል» አለ።

አህይት ዙሪያውን ዞረችው። በግራ የተጫነው ከቀኙ ይከብዳል፤ ገመዱም ከጎድን አጥንቱ ሥር ሥጋውን ይዞታል። ገመዱን አላላችው፣ ጭነቱን አመዛዘነችው፣ ከዚያ በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ አስነሳችው።

«አሁን ውጣ» አለችው። «ካመመህ ደግሞ ተናገር፤ እሰማሃለሁ።»

ከዚህ የምንማረው የተበላሸ ነገር እንዳለ የሚነግረንን አፍ መዝጋት ብልሽቱን እያደር እንደሚያከፋው፣ መፍትሔ የሚያገኘውም ችግሩ ምን እንደሆነ በትዕግሥት ጠይቆና ሰምቶ እስከ መጨረሻው የሚፈልግ ብቻ መሆኑን ነው።