አባትየው የት ነበር?

አንድ ኮርቻ ሠሪ ሚስቱ ሞተችበት። ገና የወተት ጥርሷ ያልወለቀ ሴት ልጅ ትታለት ሄደች።

ሰውየው ወጣት ነበር። ዘመዶቹ "ልጅ ያለ ሴት አታድግም" እያሉ ወተወቱት፤ ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ሌላ ሚስት አገባ። አዲሷ ሚስት ዝምተኛ ነበረች። ልጅቷን ልጠጋሽ ብላ አላስጨነቀቻትም፤ ራሷ እስክትመጣ ጠበቀቻት። ልጅቷም ቀስ በቀስ መጣች።

የሰውየው ቅናት የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ሰው በሚስቱ ይቀናል፤ በጎረቤቱ ከብት ይቀናል። ይህ ሰው የቀናው ለሟች ሚስቱ ነው። ልጅቷ አዲሷን ሴት "እትዬ" ብላ በጠራች ቁጥር፣ ከሟቿ ድርሻ ላይ የተቆረሰ መሰለው። ፀጉሯን ስትሠራት አይቶ ፊቱን አዞረ። አንድ ቀን ቆዳ እየሰፋ ሳለ ሁለቱ በጓሮ ሲስቁ ሰማ። ልጅቷ እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም ነበር። ኮርቻ ሊገዛ የመጣ ነጋዴም ሰማ።

"እሰይ! ቤትህ ዳነ" አለው።

"ኮርቻውን ትወስዳለህ ወይስ ሌላ ላሳይህ?"

"ምነው ወንድሜ፣ ሳቅም ያስከፋል እንዴ?"

"አንተ ፈረስህን ጠብቅ" አለ ኮርቻ ሠሪው።

ያን ዕለት ማታ ከራት በኋላ ልጁን አቅፎ ተረት ነገራት። የእንጀራ እናት ተረት ለማግኘት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ደጓ እናት ትሞታለች። ክፉዋ ትመጣለች። ልጅቷን አመድ ላይ ታስተኛታለች፤ በወንፊት ውሃ ቅጂ ትላታለች፤ በመጨረሻም ምግቧ ውስጥ መርዝ ትጨምርባታለች። በማግስቱም ሌላ ነገራት። በዚያኛውም የእንጀራ እናቲቱ ክፉ ነበረች።

ልጅቷ ከሴትየዋ እጅ መብላት ተወች።

ሴትየዋ ለምን ብላ አልጠየቀችም። በጌቶች ቤት አሳላፊ ጠጅ ሲያቀርብ፣ መጠጡ ንጹሕ መሆኑን ለማሳየት አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። እሷም እንደዚያው ታደርግ ጀመር። ወተቱን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ከቂጣው ጫፍ ቆርሳ ትበላለች፤ ከዚያ ለልጅቷ ትሰጣለች። ልጅቷ አየት አድርጋ መብላት ጀመረች። ውሎ አድሮ ነገሩ ጨዋታ ሆነ።

"አሳላፊ፣ ቅመሽ!" ትላለች ልጅቷ።

"ቀምሻለሁ፣ እመቤቴ!" ትላለች ሴትየዋ ጎንበስ ብላ።

እንደገና ሳቁ። ሰውየው ይህንንም ሰማ። በዚያው ምሽት ከማንም ያልሰማውን ነገር ተረቱ ላይ ጨመረበት።

"ክፉዋ የእንጀራ እናት ብልጥ ነበረች" አላት። "የመርዙን ማርከሻ ቀድማ ተደብቃ ትጠጣለች። ከዚያ መርዙን በልጅቷ ፊት ትቀምሳለች። እሷን ምንም አይነካትም። ልጅቷ ግን ትሞታለች።"

ሴትየዋ ከበሩ ኋላ ሆና ሰማችው። ልጅቷ ስትተኛ ወደ እሱ መጣች።

"በተረትህ ውስጥ አባትየው የት ነው?" አለችው።

"ገበያ ሄዷል።"

"በትናንቱስ?"

"ዘመቻ ላይ ነበር።"

"ከትናንት ወዲያስ?"

"ተረት ነው እኮ፣ አንቺ ሴት!"

"ተረት መሆኑን አውቃለሁ። ቤቱ የሚውል አባት ስላልሰማሁ ነው።"

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ታመመች። ገላዋ እንደ እሳት ነደደ፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። በማለዳ የመጣው መድኃኒት አዋቂ ግንባሯን ዳስሶ፣ "ውሃና አጥሚት ስጧት። ካልጠጣች ነገን አታይም" ብሎ ሄደ።

ሴትየዋ አጥሚቱን ሠርታ፣ ቀምሳ አቀረበችላት። ልጅቷ ጥርሷን ገጠመች። አባቷ ዋንጫውን ተቀብሎ ራሱ አቀረበላት።

"ማን ሠራው?" አለች ልጅቷ።

"እኔ።"

"አንተ አታውቅበትም።"

እውነቷን ነው። ወደ ማጀት ገብቶ ራሱ ሠራ፤ አረረበት፤ ጓጎለበት። ልጅቷ አንዴ ጎርሳ አስመለሳት። ውሃ አመጣላት። "ማን ቀዳው?" አለች። ምንጭ የምትወርደው ማን እንደሆነች ታውቃለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ሴትየዋ ነጠላዋን አነሳች።

"እኔ ልሂድ። ከቤት መውጣቴን ካየች ትጠጣለች" አለች።

ሰውየው ይህን ሲመኝ ነበር የከረመው። አሁን ምኞቱ በሩ ላይ ቆሞ ፈቃዱን ይጠብቃል። ልጁን አየ፤ ሴትየዋን አየ።

"ተቀመጪ" አላት።

ከልጁ መኝታ አጠገብ ተንበረከከ።

"ተረቱ ውሸት ነው" አለ።

"ሁሉም?"

"ሌላውን እንጃ። የማርከሻውን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

"ለምን?"

"ቀንቼ።"

"በማን?"

"በእትዬሽ። ስትስቁ ሰማሁ። እናትሽን የረሳሻት መሰለኝ።"

ልጅቷ ዞራ አየችው።

"የምንስቀው እኮ በእማዬ ነው" አለች። "ዶሮ ስታይ እንዴት ትጮህ እንደነበር ለእትዬ እያሳየኋት። እማዬ ዶሮ ትፈራ የለ?"

"ትፈራ ነበር።"

"እትዬ ሁልጊዜ ስለ እማዬ ንገሪኝ ትለኛለች። አንተ ስለ እሷ አታወራኝም።"

ሴትየዋ ዋንጫውን ይዛ ቀረበች፤ ልትቀምስም መዳፏን ዘረጋች።

"ተይው፣ እትዬ" አለች ልጅቷ። "ጠምቶኛል።"

ጠጣች። ደግማ ጠጣች። ከሰዓት በኋላ ላብ አጠመቃትና ትኩሳቱ ለቀቃት።

ይህን ተረት የምታነቡ፣ ልብ በሉ። በተረት ውስጥ የእንጀራ እናት ስም የላትም፤ ያላት ክፋት ብቻ ነው። አባት ደግሞ ሁልጊዜ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ማንም አይወቅሰውም። ተረቱን የሚናገረው ሰው ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ነው ያለው። የሞተ ሰው አይቀናም። በስሙ የምንቀናው እኛ ነን፤ ቅናታችንም የሚጎዳው እሱ አደራ ብሎ የተወልንን ነው። እናንተስ ለልጆቻችሁ ክፉ አድርጋችሁ የምትነግሯቸው ሰው ማን ነው? ያ ሰው ምን ስላደረጋችሁ ነው?

ኮርቻ ሠሪው በዚያ ቀን በመጨረሻ ያደረገው ይህን ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። ከሚስቱ መቃብር አጠገብ ተቀመጠ። "ልጃችን ጠጣች" አላት። ቀጥሎም፣ "ያጠጣቻት ሴት ስሟ ይታክቱ ይባላል" አላት።