የመጥበሻው ቅርፊትና የእትዬ የሺመቤት ሁለት መንጋጋዎች

ሌላው ሰው ተረቱን በረት ውስጥ ያስራል፤ እኔ ግን በረት ስለሌለኝ ሰባተኛ ፎቅ ላይ አስሬዋለሁ። እዚያ ፎቅ ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ የስፔን ምግብ ቤት ነበረ። ግድግዳው ላይ ቀይ ጨርቅ የሚያባርር በሬ ተስሎበታል፤ ሜኑው ሲዘረጋ ጠረጴዛውን ይሸፍናል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ መሬት አይደርስም። ዝናው ከምግቡ ቀድሞ ከተማውን አዳርሶ ነበር።

አንድ እሑድ፣ በምሳ ሰዓት፣ እትዬ የሺመቤት ብቻቸውን መጡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባ አራት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስፔንን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስሉ ኖረዋል። ቫሌንሲያ ሲደርሱ ጠመኔውን ጫን አድርገው ነጥብ ያስቀምጡና፣ እዚህ ሩዝ እንደሚበቅል፣ ሩዙ በሰፊ መጥበሻ በስሎ ፓኤያ እንደሚባል፣ ከሁሉ የሚወደደው ደግሞ ከመጥበሻው ሥር የሚይዘው ቅርፊት እንደሆነ ያስተምራሉ። ይህን ያገኙት ከአንድ መጽሐፍ፣ ከአንድ መስመር ነው። ከዚያ መስመር ያለፈ ነገር አያውቁም ነበር፤ አለማወቃቸውም ሠላሳ አራት ዓመት ሲከነክናቸው ኖረ።

ታዲያ ዛሬ ምን አስቸኮላቸው ብትሉ፣ ነገሩ የጥርስ ነው። በአፋቸው ውስጥ ላይና ታች የሚገናኙት ሁለት መንጋጋዎች ብቻ ቀርተዋል። እነሱም ሰኞ ጠዋት ይነቀላሉ፤ ሐኪሙ ቀጥሯቸዋል። ከሰኞ በኋላ ያለው ገንፎና ሾርባ ነው። እትዬ የሺመቤት ለመንጋጋቸው አላለቀሱም፤ ግን ሳይሰናበቱት አንድ ነገር ሊያኝኩበት ፈለጉ። ያን ቅርፊት፣ በገዛ ጥርሳቸው፣ ኩርሽም አድርገው። የፈለጉት ይህችን ብቻ ነበር።

አስተናጋጁ ኪሩቤል ይባላል፤ ጥቁር ሰደርያ የለበሰ፣ ፈገግታው ከፊቱ የማይጠፋ ሰው ነው። ፓኤያ አዘዙት፤ ቅርፊቱን አደራ አሉት። እሱም ጎንበስ ብሎ ሄደና በትልቅ ነጭ ሳህን ላይ ሦስት የወይራ ፍሬ ይዞ መጣ። እትዬ የሺመቤት ሳህኑን አዙረው አዩት፤ ሌላ ፍሬ ተደብቆ እንደሆነ ብለው ከሥሩም አዩ። አንዷን ቀመሱ፤ ጨው ናት። ሩዙስ የት ደረሰ ብለው ጠየቁት። ኪሩቤል አንገቱን አከከና ሩዙ ገና እንዳልተጣደ፣ የሚበስለውም በሰፊው መጥበሻ ብቻ እንደሆነ ነገራቸው።

እንግዲህ ሩዝ ያለ መጥበሻ አልበስልም አለ፤ እትዬ የሺመቤትም ሁለት መንጋጋቸውን ይዘው ቁጭ አሉ።

ቀጥሎ የመጣው ሾርባ ነው፤ ቀይ፣ የቲማቲም፣ በረዶ የመሰለ። እትዬ የሺመቤት ምግብ አብሳዮቹ ማሞቅ የረሱ መስሏቸው አዘኑላቸው፤ በስፔን ደንቡ እንዲህ ነው ሲባሉ ግን ሙቀት ስንት ዲግሪ ቢሆን ነው ሰው ሾርባውን በብርድ የሚጠጣው ብለው አሰቡ። ከዚያ መጥበሻው የት እንዳለ ጠየቁ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው፣ ኪሩቤልም ስለ መጥበሻው ሲጠየቅ ስለ ሾርባው ያወራ ጀመር። መምህርት ናቸውና፣ መልሱን የማያውቅ ተማሪና መልሱን የሚደብቅ ተማሪ ይለያሉ። ተነሥተው ቀጥ ብለው ወደ ወጥ ቤቱ ገቡ።

ሼፍ ፍስሐ ባዶ ምድጃ ፊት እጁን አጣምሮ ቆሟል። እሱ ሳይደብቅ ነገራቸው፤ ያ ሁሉ ስም ያለው ቤት ያለው መጥበሻ አንድ ብቻ ነው። ፍስሐ ቫሌንሲያ ሦስት ወር ሠልጥኖ ሲመለስ አውሮፕላን ውስጥ ጭኑ ላይ ይዞት የመጣ መጥበሻ ነው። በሌላ ብረት ሞክሮ የበሽተኛ ሩዝ ነው የሆነለት። የምግብ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ይህ ነገር ሳሎን ውስጥ ትንፍሽ እንዳይባል አስጠንቅቋል፤ ባለ ስም ቤት አንድ መጥበሻ አለኝ ይላል እንዴ ብሎ። አሁን መጥበሻው በመስኮቱ በኩል፣ ረጅሙ ገበታ ላይ ነው። በቤቱ ደንብ ከነመጥበሻው መሀል ላይ ስለሚቀርብ፣ ሳይበላ አይነሣም።

እንግዲህ መጥበሻ ሳልበላ አልነሣም አለ፤ ሩዝ ያለ መጥበሻ አልበስልም አለ፤ እትዬ የሺመቤትም ሁለት መንጋጋቸውን ይዘው ቁጭ አሉ።

ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሰው ረጅሙን ገበታ አዩት። ዐሥራ ሁለት ሰው ከብቦታል። መሀል ላይ ፓኤያው ተዘርግቶ፣ ሽሪምፖቹ ጭራቸውን ቀስረው፣ እንፋሎቱ ቀስ በቀስ እየጠፋ ነው። አንድም እጅ አይንቀሳቀስም። የራበው ሰው ምግብ ፊቱ ተቀምጦ ሲያየው፣ ይህ እንግዲህ ከጂኦግራፊ ውጭ ነው፤ እትዬ የሺመቤት መነጽራቸውን ጠረጉ። ኪሩቤል ቲማቲም የተቀባ ደረቅ ዳቦ ይዞ ሲመጣ ስለ ዳቦው ምንም ሳይሉ ስለ ሰዎቹ ጠየቁት። የትውውቅ ምሳ ነው አላቸው፤ አቤኔዘር የሚባል ሙሽራ የእጮኛውን ቤተሰብ ጋብዞ ነው። ጋባዡ ሳይቆርስ ማን እጁን ይሰዳል? ሁሉም የሙሽራውን እጅ ያያል።

እንግዲህ ገበታ ሙሽራ ሳይቆርስ አልነካም አለ፤ መጥበሻ ሳልበላ አልነሣም አለ፤ ሩዝ ያለ መጥበሻ አልበስልም አለ፤ እትዬ የሺመቤትም ሁለት መንጋጋቸውን ይዘው ቁጭ አሉ።

ቁጭ አሉ ማለት ግን ዝም አሉ ማለት አይደለም። ሙሽራው ብድግ ብሎ ወደ እጅ መታጠቢያው ሲሄድ ተከትለውት ሄዱ። አቤኔዘር እጁን ሲታጠብ አራተኛ ጊዜው ነው፤ ከሳሙናው በቀር የሚነካው ነገር አጥቷል። እሳቸውም እንደ ዘበት፣ ልጄ ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ አሉት። ሆዱ ሰምቷቸው ጮኸ። “ምን ላድርግ እማማ” አለ። “አማቴ ሳይጀምሩ ማንኪያ ባነሣ ስሜ ሆዳም ሆኖ ይቀራል። እሳቸው ደግሞ አይጀምሩም።” ይህን ሲል ዓይኑ ውኃ ሞላ። እትዬ የሺመቤት አዘኑለት፤ ግን ከማዘናቸው ይልቅ ማወቅ ፈለጉ።

እንግዲህ ሙሽራ አማት ሳትጀምር አልቆርስም አለ፤ ገበታ ሙሽራ ሳይቆርስ አልነካም አለ፤ መጥበሻ ሳልበላ አልነሣም አለ፤ ሩዝ ያለ መጥበሻ አልበስልም አለ፤ እትዬ የሺመቤትም ሁለት መንጋጋቸውን ይዘው እዚያው መታጠቢያው ጋ ቆሙ።

ብዙም አልቆዩ፤ አማቲቱ ወይዘሮ ጂፋሬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ። እጃቸው ንጹሕ ነው፤ የመጡት ለመታጠብ ሳይሆን ለመተንፈስ ነው። ሁለት ሴቶች መስታወት ፊት ሲቆሙ ጨዋታ አይጠፋም። ወይዘሮ ጂፋሬ እስከ ዛሬ ታላቅ ወንድማቸው ሳይመርቅ እህል ቀምሰው አያውቁም፤ አባታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱን የሚመርቀው እሱ ነው። ዛሬ ግን ወንድምየው አፉን ዘግቶ ብርጭቆ ያሽከረክራል። “ልጁን ጠልቶት መስሎኛል” አሉ ወይዘሮ ጂፋሬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ካልመረቀ ደግሞ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። ልጄ አራት ዓመት የጠበቀችው ሰው ነው።”

እትዬ የሺመቤት ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። እሳቸው የመጡት ለአንዲት ቅርፊት ነው፤ ለካስ በዚያው መጥበሻ ላይ የሰው ትዳርም ተቀምጧል።

እንግዲህ አማት ወንድሜ ሳይመርቅ አልጀምርም አለች፤ ሙሽራ አማት ሳትጀምር አልቆርስም አለ፤ ገበታ ሙሽራ ሳይቆርስ አልነካም አለ፤ መጥበሻ ሳልበላ አልነሣም አለ፤ ሩዝ ያለ መጥበሻ አልበስልም አለ፤ እትዬ የሺመቤት ግን በዚህ ጊዜ ቁጭም አላሉ፤ ቆመውም አልቀሩ፤ ቦርሳቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው በቀጥታ ወደ ረጅሙ ገበታ ተራመዱ።

በገበታው ራስ ላይ አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ ብርጭቆ እያሽከረከረ ተቀምጧል። ማነህ ሊሉት አፋቸውን ከመክፈታቸው፣ ሽማግሌው ወንበሩን ገፍቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። የቆመው አስተማሪ ክፍል ሲገባ ተማሪ እንደሚቆመው ነው፤ እጁ ወደ ጎኑ፣ አገጩ ወደ ላይ። ገበታው ሁሉ አፉን ከፈተ።

“ቱፋ ነኝ፣ ቲቸር” አለ። “አሰላ፣ ስምንተኛ ሀ፣ የመጨረሻው ረድፍ።”

አቶ ቱፋ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የመንገድ መሐንዲስ ሆኖ ግማሽ አገር በመንገድ ያገናኘ ሰው ነው፤ ግን ቁጭ በል እስኪባል አልተቀመጠም። መምህሯን ገና ከበር ሲገቡ አውቋቸዋል። ያዘዙት እስኪመጣላቸው ጠብቆ ሊነሣና ሰላም ሊላቸው አሰበ፤ አሁን ሄዶ ሰላም ቢል ኑ አብረን እንብላ ማለቱ አይቀርም፤ እሳቸውም በልቻለሁ ብለው ጦማቸውን ይውላሉ፤ ያውቃቸዋል። ኪሩቤልን ሦስት ጊዜ ጠርቶ ለእሳቸው ምግብ እንዲያስቀድም ለመነው፤ ኪሩቤልም ሦስት ጊዜ አሁን ይመጣል አለው።

“መምህሬ ያዘዙት ሳይመጣላቸው እኔ እዚህ መርቄ ልብላ?” አለ አቶ ቱፋ። “ነውር ነው ብዬ ነው። ልጁንማ ወድጄዋለሁ።”

ተከትለዋቸው የመጡት ወይዘሮ ጂፋሬ እፎይ ብለው ወንበራቸው ላይ ወደቁ።

እንግዲህ ወንድም መምህሬ ሳይበሉ አልመርቅም አለ፤ አማት ወንድሜ ሳይመርቅ አልጀምርም አለች፤ ሙሽራ አማት ሳትጀምር አልቆርስም አለ፤ ገበታ ሙሽራ ሳይቆርስ አልነካም አለ፤ መጥበሻ ሳልበላ አልነሣም አለ፤ ሩዝ ያለ መጥበሻ አልበስልም አለ፤ መምህሯም ያለ ሩዝ ምን ይብሉ? ዐሥራ ሦስት ሰው በጨዋነት ሊራብ ነው። ኪሩቤል ጫማውን ያያል።

እትዬ የሺመቤት ነገሩን በጣታቸው አንድ በአንድ ተከተሉት፤ ካርታ ላይ ወንዝ እንደሚከተሉ ከምንጩ እስከ ባሕሩ፤ ባሕሩም መልሶ ምንጩ ሆኖ አገኙት። ሳቁ። እንዲህ የሳቁበትን ቀን አያስታውሱም።

“ቱፋ” አሉ፣ “በዚህ ቤት ያለው መጥበሻ ይኸው አንዱ ነው። እኔ መጥበሻውን እጠብቃለሁ፤ መጥበሻው አንተን ይጠብቃል፤ አንተ እኔን ትጠብቃለህ። በል ማንኪያ አቀብለኝ።”

ቆመው አንድ ማንኪያ ጎረሱ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሩዙ ቀዝቅዟል፤ ውኃ በዝቶበታል፤ ቢጫው ደግሞ ሌላ ሳይሆን የእኛው እርድ ነው። ሰባተኛ ፎቅ የሚያስወጣ ምግብ አልነበረም። እትዬ የሺመቤት ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህንንም ማወቅ ዕውቀት ነው።

መምህሯ ጎረሱ፤ ወንድም መረቀ፤ አማት ጀመረች፤ ሙሽራ ቆረሰ፤ ገበታ እጁን ዘረጋ፤ መጥበሻ ባዶውን ቀረ። ባዶውን ስል ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ምርቃቱ ረጅም፣ ረሃቡም ብርቱ ስለነበር ሩዙ ብዙ ደቂቃ አልቆየም፤ ከሥሩ ግን ብረቱን አጥብቆ የያዘ፣ ጥቁርና ወርቅማ ነገር ብቅ አለ። ሙሽራው ያረረ መስሎት አፈረ። አማቲቱም እንዳላዩ ሆኑ። መጥበሻውን ሊያነሣ የመጣው ኪሩቤል እጁን ሲዘረጋ እትዬ የሺመቤት እጁን ያዙት።

አቶ ቱፋ ነገሩ ገባው። ማንኪያውን ገልብጦ ፈቀፈቀ፤ መዳፍ የምታህል ቅርፊት ሳትሰበር ተነሣች። ግማሹን ቆርሶ በእጁ ወደ መምህሯ አፍ ዘረጋ። እትዬ የሺመቤት በምላሳቸው ወደ ቀኝ ገፏት፣ ላይና ታች ወደሚገናኙት ወደ ሁለቱ፤ ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው ነከሱ።

ኩርሽም አለ። ገበታው ሁሉ ሰማው።

አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ አኘኩ። ሼፍ ፍስሐ ከወጥ ቤቱ ወጥቶ በር ላይ ቆሟል፤ ኪሩቤል ፈገግታውን ረስቷል፤ ማንም ማንኪያ አላነሣም። በመጨረሻ አቶ ቱፋ አላስችል አለው።

“ቲቸር፣ ምን ምን ይላል?”

እትዬ የሺመቤት ዓይናቸውን ሳይገልጡ አንድ ጣታቸውን አነሡ።

“ቆይ፣ ቱፋ” አሉ። “ገና እያኘክሁ ነው።”

እኔም እሳቸው እስኪውጡ ድረስ ዝም ብያለሁ።